ከራሴ የጨመርኩት ቃል

ባለፈው ሰኔ አንዲት ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። «ጋሽ ነስሩ ነዎት? የድሮው ፍርድ ቤት ታድሶ ሙዚየም ሊሆን ነው። ስለ ቤቱ የሚያውቁ አባቶችን እያነጋገርን ነው። እርስዎ በወጣትነትዎ እዚያ ይሠሩ ነበር ብለውን ነው የደወልኩት» አለችኝ።

«ውስጡ እንኳ አልሠራሁም፤ ደጁ ላይ ነው» አልኳት። ሳቀች። ቀልድ መስሏታል።

በማግሥቱ ከሀዋሳ ፒያሳ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ዝናቡ ሲወርድ አድሮ መንገዱ ግራና ቀኝ ጭቃ ነበር፤ የባጃጁ ልጅ ጉድጓድ በሸሸ ቁጥር እኔ ወደ በሩ እንሸራተታለሁ። ሐይቁ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ጥፍት ይላል። ይህን መንገድ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሄድኩበት አላውቅም፤ ያ ቤት አጠገብ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞራለሁ። የዚያን ቀን ማዞር አልቻልኩም፤ የምሄደው ወደዚያው ነው።

ሀዋሳን የሚያውቅ ሰው «ደግሞ የጣሊያን ፍርድ ቤት ከየት መጣ?» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው። ከተማችን ልጅ ናት፤ ጣሊያን ሲወጣ ገና አልተወለደችም። ቤቱ ግን ከከተማዋ ይቀድማል። አካባቢው ቁጥቋጦና ግራር ብቻ በነበረበት ጊዜ አንድ የጣሊያን ሹም ከጥቁር ድንጋይ አስገነባው ይባላል። ሹሙ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ያገሬውን ሰው ይዳኝ ነበር አሉ። እሱ የሰዉን ቋንቋ አያውቅ፣ ሰዉም የሱን አያውቅ፤ «የሚፈርደው መሐል የቆመው አስተርጓሚ ነበር» እያሉ አዛውንቶች ሲስቁ ሰምቻለሁ። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ቤቱ ባዶውን ከረመ። ከተማዋ ስትቆረቆር ፍርድ ቤት ሆነ። ፍርድ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወር ደግሞ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ቀጥሎ የወጣቶች ክበብ፣ ቀጥሎ የሌሊት ወፍ መኖሪያ። አሁን ኖራ ተቀብቶ፣ መስኮቶቹ ተወልውለው፣ ደጁ ላይ አበባ ተተክሎለታል።

ልጅቷ ችሎት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሰጠችኝ። ስልኳን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት፦ ዳኛው የሚቀመጡበትን፣ ከሳሽ የሚቆምበትን፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲወርድ ችሎት የሚቋረጥ መሆኑን። ደስ አላት። ከዚያ «ጋሼ፣ ከሁሉም የማይረሱት ምንድን ነው?» አለችኝ።

ብድግ አልኩ። ሶላት ደርሶብኛል አልኳት። አልደረሰም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ በር እመላለሳለሁ። የልጅ ልጆቼ «አባባ ምን ጠፋብዎት?» ይሉኛል። ምን እንደጠፋብኝ ይኸው እጽፋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው። አባቴ ፒያሳ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ከስልጤ አገር ወጥቶ፣ አቡጀዴ በትከሻው ተሸክሞ ገበያ ለገበያ ሲዞር ኖሮ፣ በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጁ ነኝና ሱቁን እንድይዝለት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ከባንኮኒ ኋላ አንድ ሰዓት መቆም አይሆንልኝም። እናቴ «ይሄ ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የተወለደው» ትል ነበር።

አንድ የተሰጠኝ ነገር ቢኖር የእጅ ጽሑፍ ነው። ፊደሎቼ እንደ ተሰለፈ ወታደር ቀጥ ይላሉ። ትምህርቴን አቋርጬ ከተማውን ሳካልል ከርሜ፣ አንድ ቀን ትንሽ ጠረጴዛና ዱካ ይዤ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጥኩ። ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ ማለት ነው። ከኔ ቀደም ብለው ዋርካው ሥር የነበሩት ጸሐፊዎች የሸመገሉ ሰዎች ናቸው። ባለጉዳዩ ያላቸውን ብቻ፣ በደረቁ፣ «ከሳሽ እገሌ፣ ተከሳሽ እገሌ» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ግን ታሪክ እጽፍ ነበር። ዝናቡን እጨምራለሁ፣ እንባውን እጨምራለሁ፣ የተሰበረውን አጥር እንደ ተሰበረ ልብ አድርጌ እጽፋለሁ። ባለጉዳዩ ሳነብለት ራሱ ያለቅሳል። ስሜ ወጣ። ከሩቅ ገጠር ሳይቀር «ያ ልጅ ይጻፍልን» እያሉ መምጣት ጀመሩ። እኔም በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥኩ።

አቶ ካያሞ የመጣው በጥቅምት ነው። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ የጠራበት፣ በየመንገዱ ዳር በቆሎ የሚጠበስበት ጊዜ። ቡሹሎ አካባቢ የሚኖር፣ ጥሩ ኮት የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሙ በወባ ሞቶበታል። ሟቹ ሚስትና የአምስት ዓመት ልጅ ትቷል፤ ከሐይቁ ዳር ጥሩ መሬትና የእንሰት ጓሮም ነበረው። መሬቱ የልጅቷ ነው። የልጅቷ ሞግዚት የሆነ ደግሞ መሬቱን ይይዛል። አቶ ካያሞ ይህን አልደበቀኝም። «ሴትዮዋ ገና ወጣት ናት፤ ነገ ሌላ ታገባለች። የወንድሜ መሬት ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ልጅቷ እኔ ጋ ትደግ» አለኝ።

«እናቲቱ ምን ጥፋት አላት?» አልኩት።

አሰበ። «ጥፋትስ... ብዙ ትወጣለች። ገበያ ትሄዳለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ልጅቷን ጎረቤት ትተዋለች» አለ።

ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላ። ሳነበው ግን ደረቀብኝ። ገበያ የማይሄድ ማን አለ? ልጁን ጎረቤት የማይተውስ? እጄ ላይ ያለው እስክርቢቶ እረፍት አጣ። ማንም ሳያዝዘኝ ከመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ይህች ሴት አባቷን ያጣችውን ሕፃን እራት ሳታበላ አስተኝታ ጠጅ ቤት የምታመሽ ስለሆነች...» አረፍተ ነገሩ አማረ። ዜማ ነበረው። የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ ያኔ ያሰብኩት ስለ ዜማው ብቻ ነው።

ለአቶ ካያሞ ሳነብለት ያቺ መስመር ላይ ስደርስ ቀና አለ። «ይሄን እኔ አላልኩም» አለ።

«ልሰርዘው?»

ፈገግ አለ። «ተወው። ጥሩ ነው።» ማንበብ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ።

ከዚያ ሌላ ባለጉዳይ መጣ፣ ሌላም መጣ። ረሳሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንዲት ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ሠላሳ የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ የለበሰች፤ ሐዘንተኛ መሆኗ ያስታውቃል። ከቡሹሎ በእግሯ ነው የመጣችው፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አቧራ ለብሷል። በእጇ የፍርድ ቤት ወረቀት አጥፋ ይዛለች።

«ወንድሜ፣ ፊደል አላውቅም። ይሄ ምን እንደሚል አንብብልኝ» አለችኝ። አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን አንድ በአንድ መርጣ ታስቀምጠዋለች፤ ሲዳምኛ አፍ የፈታ ሰው አማርኛ። «ክሱ እስኪታይ ብለው ልጄን ለአጎቷ ሰጥተውብኛል። ዳኛው መልስ ስጪ ብለዋል።»

ወረቀቱን ዘረጋሁት። የራሴ ጽሑፍ ነው።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ብጠየቅ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ «አወቀችኝ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ብቻ ነው። ፊቷን አየሁ። አላወቀችም። ማንበብ ጀመርኩ። ገበያው አለፈ፤ ራሷን ነቀነቀች፣ «እውነት ነው፣ ቅቤ እሸጣለሁ» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ አለፈ፤ «እውነት ነው፣ መዘምራን ውስጥ ነኝ» አለች። ያቺ መስመር ላይ ደረስኩ። ዘልዬ ማለፍ እችል ነበር፤ መልስ የምትሰጠው ግን ለዚያ ነው። አነበብኩት።

ከዋርካው ላይ አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ክንፉን አንኳኩቶ በረረ። እሷ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ማንበብ እንደሚችል ሰው ትኩር ብላ አየችው።

«ይሄን የጻፈ ሰው ያውቀኛል?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኩ።

«እኛ የወንጌል ሰዎች ነን። ጠጅ በቤታችን አይገባም። ባሌም አይጠጣም ነበር። አሁን ጉባኤ ላይ ሴቶቹ ከኔ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ለካ ይሄ ነው!» ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። «ጻፍልኝ ወንድሜ። ደህና አድርገህ ትጽፋለህ አሉኝ።»

ስሟን ጠየቅኳት። ታደለች አለችኝ። የልጅቷን ስም ጠየቅኳት። ብርቱካን።

እንደዚያን ቀን ጽፌ አላውቅም። ራሴ ከራሴ ጽሑፍ ጋር ተከራከርኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ያለችውን ብቻ፣ እንደ ሽማግሌዎቹ በደረቁ ጻፍኩ። ስጨርስ በአውራ ጣቷ ፈረመች፣ አመሰገነችኝ፣ ደግሞ ከነጠላዋ ጫፍ የተቀቀለ በቆሎ ፈትታ ሰጠችኝ። ከቤቷ ለመንገድ የያዘችው ነው። በላሁት። እንዴት እንደበላሁት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ቀጠሮው ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነበር። እነዚያን ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ብጠየቅ፣ በእግሬ ነው የምለው። ዋርካው ሥር መቀመጥ አልቻልኩም። ባለጉዳይ ሲመጣ «ነገ» እለዋለሁ። ከፒያሳ ሐይቁ ድረስ፣ ከሐይቁ እስከ ገበያው፣ ከገበያው ወደ ፒያሳ። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ ቆሜ አያለሁ። ቤት ስገባ እናቴ ምግብ ታቀርባለች፤ ሁለት ጉርሻ በልቼ እነሳለሁ።

በአምስተኛው ቀን አቶ ካያሞ ቤት ሄድኩ። የእንሰቱ ቅጠል መሐል ባለች ቀጭን መንገድ ገብቼ ግቢው በር ላይ ስደርስ አንዲት ሕፃን አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አየሁ። በእንጨት አፈሩን ትጭራለች። ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ወደ መንገዱ አፈጠጠች። የምትጠብቀው ሰው እኔ እንዳልሆንኩ ወዲያው ገባት።

አቶ ካያሞ በረንዳው ላይ ነበር። «ያቺን መስመር እናውጣት» አልኩት። «ዳኛው ዘንድ ቀርበው አልተባለም ይበሉ። ሌላው እንዳለ ይሁን፤ ያቺን መስመር ብቻ።»

«አንተ ጻፍክ፣ እኔ ፈረምኩ» አለኝ ድምፁን ሳያነሳ። «አሁን ውሸት ነው ብል የምታሰረው እኔ ነኝ። አንተ ብትናገር የምትታሰረው አንተ ነህ። ደግሞስ ምን አገባህ? የሰው ልጅ ናት እንጂ ያንተ ልጅ አይደለችም።»

ስወጣ ልጅቷ አሁንም እዚያው ነበረች።

በማግሥቱ ለአባቴ ነገርኩት። ጨርቅ እየለካ ነበር። ክንዱን ከአፍንጫው እስከ ጣቱ ጫፍ ዘርግቶ ሲለካ አላቋረጠም። ጨርሶ ቆረጠና መቀሱን አስቀመጠ።

«እኔ ስሳሳት አንድ ክንድ ጨርቅ ይበላሻል» አለኝ። «አጥፌ ለሌላ ሥራ አደርገዋለሁ። አንተ ምን እንደቆረጥክ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«እንግዲያ ለምን እኔ ጋ መጣህ? እኔ ዳኛ ነኝ?»

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ጠረጴዛዬን ሳልይዝ ሄድኩ። ዋርካው ላይ ተደግፌ ቆምኩ። የማደርገውን አላውቅም ነበር። ልገባና ልናገር እላለሁ፤ እግሬ ወደ በረንዳው ሁለት እርምጃ ይሄድና ይመለሳል። ታደለች ስትገባ አየችኝ፤ በእጇ ሰላም አለችኝ። አቶ ካያሞም ገባ፤ አላየኝም፤ ወይም ላለማየት ወሰነ። ጎበዝ ሆኜ በራሴ እግር ብገባ ኖሮ ዛሬ ታሪኩን ስተርክ ደስ ይለኝ ነበር። አልገባሁም። ጠሩኝ።

የችሎቱ ዘበኛ ብቅ አለና «ጸሐፊው! ዳኛው ይፈልጉሃል» አለ።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያ የድንጋይ ግድግዳ በሙቀት ቀን እንኳ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ዳኛው ፊታቸው የተሸበሸበ፣ ጉንፋን የማይለቃቸው፣ መሐረባቸውን እጅጌያቸው ውስጥ የሚወትፉ ሰው ነበሩ። ፊታቸው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተዋል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉኝ።

«የኔ ነው ጌታዬ።»

«ይሄስ?»

«የኔ ነው ጌታዬ።»

ከኋላዬ ሰዉ አጉረመረመ። ታደለች በስተግራ ቆማለች። ፊቷን ማየት አልደፈርኩም፤ እጇን ብቻ አየሁ። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው።

«ፊደልህ ያምራል» አሉ ዳኛው። «ለሁለቱም መጻፍህ አያስቀጣህም፤ ሕግ አይከለክልም። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። በአንዱ እጅ ሴትዮዋ ሰካራም ናት፤ በዚያው እጅ ሴትዮዋ ዘማሪ ናት። የቱን ልመን? ሁለቱንም አንብብልኝ። ጮክ በል፤ ሁሉም ይስማ።»

የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳሁ። ማንበብ ጀመርኩ። እንዲያ የምኮራበት ጽሑፍ እንደ ጭቃ በየቃሉ እግሬን ያዘኝ። ያቺ መስመር ላይ ደረስኩና ቆምኩ።

«አንብብ» አሉ።

«ጌታዬ፣ ይሄን ቃል ከሳሽ አላሉትም።»

«ማን አለው?»

«እኔ ነኝ። ከራሴ ጨምሬው ነው።»

አቶ ካያሞ መሬት መሬቱን ያያል። ዳኛው መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ቀስ ብለው አጥፈው መለሱት።

«ሴትዮዋን ታውቃታለህ?»

«ያኔ አላውቃትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጨመርክ?»

መልስ ፈለግኩ። ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ሲመላለስብኝ የከረመ። ከአፌ የወጣው ግን እውነተኛው ነው። «ጽሑፉ የጎደለው መሰለኝ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ዳኛው ቀይ እስክርቢቶ አንስተው መስመሯን ሰረዙ። አቶ ካያሞን ጠየቁት፤ እሱም አላልኩም ብሎ አመነ። ልጅቷ በዚያው ዕለት ለእናቷ እንድትመለስ፣ መሬቱም በእናትየዋ እጅ እንዲቆይ አዘዙ። አቶ ካያሞን አስጠንቅቀው ለቀቁት። እኔን ፍርድ ቤቱን በማሳሳት ሦስት ቀን እንድታሰር፣ ከዚያ በኋላም በዚያ ደጅ እስክርቢቶ እንዳልይዝ ፈረዱብኝ።

ታደለች ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። አልተሳደበችም፣ አላየችኝም። ነጠላዋ እጄን ነክቶት አለፈ።

የታሰርኩት እዚያው ቤት ጓሮ ባለች ዕቃ ቤት ነው። ርዝመቷ አምስት እርምጃ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስለተመላለስኩባት አውቃታለሁ። እናቴ ቆጮና ጎመን ሠርታ ትልካለች። የሚያመጣው አባቴ ነው። አንድ ቃል አይናገረኝም፤ እስክጨርስ ጠብቆ ሳህኑን ይዞ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ፒያሳ ድረስ አብረን ሄድን። ሱቁን ከፈተና መቀሱን ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ለራሴ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም።

ታሪኩን እዚህ ላይ ነበር የምጨርሰው። ለራሴም ስነግረው የኖርኩት እንደዚህ ነው፦ አጠፋሁ፣ አመንኩ፣ ተቀጣሁ፣ ልጅቷ ተመለሰች። ታደለች ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ብርቱካን ደግሞ ነርስ ሆና ብዙ ዓመት ሠርታለች። የልጅ ልጄን ያስከተብነው እሷ ዘንድ ነው። ስሜን ጠይቃ ካርዱ ላይ ጻፈች፤ ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም።

ሙዚየሙን አይቼ ከመጣሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። «አጥፍቻለሁ» ያልኩት ለዳኛው ነው። ለታደለች አላልኳትም። ከዚያ በኋላ በዚያችው ከተማ ስንኖር፣ ገበያ ስንተላለፍ፣ አንድም ቀን አላልኳትም። ይህን ነገር ሰባ ዓመት አልፎኝ ነው ያስተዋልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ቡሹሎ ሄድኩ። ብርቱካን በረንዳዋ ላይ ቦሎቄ ትፈለፍል ነበር። ስታየኝ ተነሳች። «ዳኤ ቡሹ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ ጋሽ ነስሩ» አለችኝ። ስሜን ታውቀዋለች። ቁጭ ሳልል ነገርኳት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ዜማውንም አልደበቅሁም።

ጣቶቿ ቦሎቄው ላይ ቆሙ።

«እናቴ የርስዎን ስም አንስታ አታውቅም» አለችኝ። «ስለዚያ ነገር አውርታኝም አታውቅም። እኔ የማስታውሰው አጎቴ ቤት መቆየቴን ነው። ሳለቅስ የአጎቴ ሚስት ‹ዝም በይ፣ እናትሽ ጠጅ ቤት ናት፣ አትመጣም› ትለኝ ነበር። እናቴ መጥታ ወሰደችኝ። ግን ሰምቼዋለሁ፤ አይደል? ካደግኩ በኋላ እንኳ ሠርግ ቤት ብርጭቆ ስትይዝ ምን እንደያዘች አያለሁ። ውሃ ነው። ሁልጊዜ ውሃ ነው። ግን አያለሁ። አንድ ቀን ‹ምን ታያለሽ?› አለችኝ። ‹ምንም› አልኳት።»

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አልኳት።

ይቅር ብያለሁም፣ አላልኩምም አላለችኝም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኳን አነሳች። የደወለችው አዲስ አበባ ለምትኖረው ልጇ ነው።

«ስሚኝ» አለቻት፤ «ስለ አያትሽ ድሮ ትጠጣ ነበር ብዬሽ አልነበር? ውሸት ነው። አዎ፣ አሁን ነው ያወቅኩት። የጻፈው ሰውዬ እዚህ ቆሟል።» አዳመጠች፤ ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «ራስዎ ይንገሯት።»

ነገርኳት።

ወደ ቤቴ ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት ይህን ነው፤ በሕይወቴ ሙሉ የፈራሁት ያ ወረቀት ከድሮ መዝገቦች ጋር በአንድ ጆንያ ውስጥ ተገኝቶ ሰው እንዳያነበው ነበር። ወረቀቱን ምስጥ በልቶት ይሆናል። ቃሉ ግን አልተበላም፤ ከአንድ አፍ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ እኔ ጨርቅ ስለካ፣ ሦስተኛ ትውልድ ደርሶ ነበር። ለሙዚየሟ ልጅ ነገ እደውልላታለሁ። ያልነገርኳት ነገር አለ።